መልክና ስም

ሐዋሳ ከካሜራ በኋላ የተወለደች ከተማ ናት። ጎንደርና ላሊበላ መሥራቾቻቸውን በገድልና በግድግዳ ሥዕል ሲያስቡ፣ በ1952 ዓ.ም. በሲዳሞ ገዥ በልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም ዘመን በሐይቁ ዳር የተቆረቆረችው ይህች ከተማ ግን ከይርጋለም፣ ከወላይታ፣ ከጉራጌና ከሰሜን መጥተው የሰፈሩባትን የመጀመሪያ ነዋሪዎቿን የምታስበው በየቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ በተቀመጠው አልበም ነው። (አስቀድሞ በዚያው መስክ ከብቱን ያሰማራ የነበረው ሲዳማ ፎቶ ቤት ሳይከፈት የኖረ ነውና መልኩ ከአልበም አልገባም፤ ይህም ራሱን የቻለ ኀዘን ነው።)

በእነዚያ ጥቁርና ነጭ ሥዕሎች ላይ የዕለት ኑሮውን ሊያሳይ የቆመ ሰው የለም። ፎቶ ቤት የሚኬደው ክት ልብስ ተለብሶ፣ ጠጉር ተበጥሮ፣ ኮትና ከረባት የሌለውም ከባለ ፎቶ ቤቱ ተውሶ፣ ቀለም በተቀባ መጋረጃ ፊት ለመቆም ነበር። ሆኖም ሰውየው ሊሰውረው ያልቻለው ነገር ይተርፋል፤ ይኸውም ከተዋሰው እጅጌ አልፎ የወጣው ክንድ፣ አቧራ የያዘው ጫማ፣ እናት ሕፃኗን ለማባበል ከነጠላዋ ሥር የሰደደችው እጅ ነው። ኑሮው ያለው በዚህ ትርፍ ላይ ነው።

እንግዲህ ሰውየው ሞቶ የሚያውቁትም ካለፉ በኋላ በወረቀቱ ላይ የቀረው መልክ የማን ነው? ቤተ ክርስቲያናችን ሙታንን የምታስበው በመልካቸው አይደለም። በጸሎተ ፍትሐትም ሆነ በአርባውና በሰማንያው ቀን ካህኑ የሚጠራው ገብረ ሚካኤል ወይም ወለተ ማርያም የተባለውን የክርስትና ስም ሲሆን፣ ሟቹን በሕይወት ሳለ አይቶት ባያውቅ እንኳ ጸሎቱ አይጎድልም፤ ሥጋ ኃላፊና ፈራሽ ነው፣ በጥምቀት የተሰጠው ስም ግን በፈጣሪ ዘንድ የታወቀ ነው ተብሎ ይታመናልና። ለቅሶ ቤት ደግሞ ዘመድ የሟቹን ፎቶግራፍ ከፍ አድርጎ ይዞ፣ መልኩን እያሳየ ስሙን እየጠራ ደረቱን ይመታል።

አንዳንድ ሰው ይህን የሥጋ ፍቅር ብቻ አድርጎ ይነቅፈዋል። እኔ ግን አልነቅፈውም፤ የሙታንን ትንሣኤ በሥጋ የሚያምን ሰው የሥጋን መልክ ሊንቅ አይችልምና። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎችም ይህን ያውቁ ነበር፤ በቅዱሱ ራስጌ ስሙን ይጽፉ፣ ሥዕሉን ያሠራውንም ምእመን ከእግር ሥር ያኖሩ ነበር፤ በጣና ሐይቅ በናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ። የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺዎቹ ቤድሮስ ቦያጅያንና ልጆቹ ያነሡአቸው ነገሥታትና መኳንንትም እስከ ዛሬ በስማቸው ይታወቃሉ። ስሙ የሚጠፋው የድኻው ነው፤ ከፎቶግራፉ ጀርባ ብዙ ጊዜ የሚገኘው «ለማስታወሻ» የሚል ቃልና አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ማን ለማን እንደ ሰጠው አይታወቅም።

በአዲስ አበባ ከየቤተሰቡ የተሰበሰቡ ፎቶግራፎች «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» ተብለው በመጽሐፍ ታትመዋል፤ ሐዋሳም ይህን ልታደርግ ይገባታል። እስከዚያው ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን ለቅዱስ ገብርኤል በዓል ዘመድ ሲሰበሰብ አልበሙን አውጣና ሽማግሌዎቹን ጠይቅ፤ የእያንዳንዱን ሰው የዓለም ስምና የክርስትና ስም ከሥዕሉ ጀርባ ጻፍ፤ የብዕር ቀለም ወደ ፊቱ ሊያልፍ ይችላልና በለስላሳ እርሳስ ይሁን።