እምቢ የማይባል ውርስ

ውርስ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ቤትና መሬት ነው፤ ካልፈለጉ መተው ይቻላል። ማዕረግ ሲሆንስ?

እንግሊዛዊው ቶኒ ቤን በ1950 እ.ኤ.አ. በብሪስቶል ተመርጦ ፓርላማ ገባ። አባቱ በ1942 ቪስካውንት ስታንስጌት ተብለው ነበር። ታላቅ ወንድሙ በጦርነቱ ስለሞተ፣ አባትየው በ1960 ሲያርፉ ማዕረጉ እሱ ላይ ወደቀ። ባለማዕረግ ደግሞ ያኔ በሕዝብ በሚመረጠው ምክር ቤት መቀመጥ አይችልም ነበር። በ1961 መራጮቹ ደግመው መረጡት፤ ፍርድ ቤት ግን ወንበሩን ለተሸናፊው ሰጠው። እስቲ አስቡት! በ1963 ማዕረግ መተው የሚፈቅድ ሕግ ሲወጣ የመጀመሪያው ተጠቃሚ እሱ ሆነ።

ሥራዬ ኮድ መጻፍ ነውና ነገሩ "ዲፎልት" ይመስለኛል፦ ሳትጠየቅ የተሞላልህ ሴቲንግ። ሕጉ ግን የሚያጠፋው ለአንድ ሰው ዕድሜ ብቻ ነው። ቤን በ2014 ሲሞት ማዕረጉ ለልጁ ለስቲፈን ተላለፈ። ልጁም ተቀበለው፤ በ2021 በዚሁ ማዕረግ የሎርዶች ምክር ቤት ገባ።

መጀመሪያ ሳነበው የአባትየው ትግል ከንቱ ቀረ ብዬ ተናድጄ ነበር። ግን አባት በልጁ ፈንታ እምቢ ቢል ኖሮ፣ እሱም ሳይጠይቅ መወሰኑ አልነበር? ስለዚህ ስሙን መያዝ አለመያዝ የልጁ ጉዳይ ነው እላለሁ። ወንበሩ ግን የአባቱ አይደለም፤ የሕዝብ ነው። እሱን ማንም ለማንም ሊያወርስ አይገባም።