ባሕር የማይደርስ ውኃ

በውኃ ውስጥ የሚኖሩ እንስሳት በሁለት ወገን ተከፍለው ይጠናሉ፤ የሚለያቸው ውኃው የያዘው ጨው ነው። የወንዝ፣ የምንጭና የአብዛኛው ሐይቅ ውኃ በሊትር ከአንድ ግራም ያነሰ ጨው አለው። የውቅያኖስ ውኃ በአማካይ 35 ግራም ይይዛል፤ ቀይ ባሕር ወደ 40 ግራም ይጠጋል። ቆሮሶ፣ አምባዛና ጉማሬ ከፊተኛው፣ ሻርክ፣ ኦክቶፐስና ዓሣ ነባሪ ከኋለኛው ወገን ናቸው። በአጸደ ሕፃናት ግድግዳ ላይ ይህ ሁሉ በሁለት ሥዕል ይጠቃለላል፦ አንድ ሐይቅ፣ አንድ ባሕር፣ በየውስጣቸው ፈገግ ያሉ ዓሦች።

በኮልፌ ቀራኒዮ ሥዕሉ የሚያስነሣው ጥያቄ ከሚሰጠው መልስ ይበዛል። ክፍለ ከተማው በአዲስ አበባ ምዕራብ ዳርቻ በደጋ ላይ የተቀመጠ ነው፤ አገሪቱም ኤርትራ ነጻ ከወጣችበት ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም። ልጁ ባሕር አላየም፤ አስተማሪዋም ብዙ ጊዜ አላየችም። ከጨዋማ ውኃ የመጣ እንስሳ በሰፈሩ ቢፈለግ የሚገኘው በሱቅ መደርደሪያ ላይ፣ በሰርዲን ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ያላየች ላላየ ስታስተምር የሚተላለፈው ዕውቀት ነው ወይስ እምነት? ጥያቄው የፈላስፎች ይመስላል፤ የአምስት ዓመት ልጅ ግን «ቲቸር፣ አንቺ አይተሽዋል?» ብሎ ያሳጥረዋል።

ቋንቋውም ብዙ አያግዝም። አማርኛ «ባሕር» ሲል ስፋትን እንጂ ጨውን አያይም፤ ባሕር ዳር ከተማ የቆመችው በሚጠጣው በጣና ውኃ ዳር ነው። «ሐይቅ»ም በግእዝ ዳርቻ፣ የባሕር ጠረፍ ማለት ነበር። ስለዚህ «በባሕር የሚኖር» የተባለ እንስሳ ለልጁ በየትኛው ውኃ እንደሚኖር አልተነገረውም። «ጨዋማ ውኃ» እና «የሚጠጣ ውኃ» ማለቱ ይሻላል፤ ምላስ የሚያውቀውን ልዩነት ምላስ በሚያውቀው ቃል መጥራት ነውና።

ልጆቹ ግን ስለ ውኃ ምንም ሳይሰሙ አይመጡም። በኮልፌ በአንድ ዴስክ ላይ የቀራኒዮ መድኃኔ ዓለም አጥቢያ ልጅና ቁርኣን የሚቀራ ልጅ ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሃያ ሁለት ሥነ ፍጥረት አሉ፤ የውኃ እንስሳት የተገኙት ሐሙስ ሲሆን በልባቸው የሚሳቡ፣ በእግራቸው የሚሽከረከሩና በክንፋቸው የሚበሩ ተብለው በሦስት ይመደባሉ። ምደባው አካሄዳቸውን እንጂ የውኃቸውን ጣዕም አይመለከትም። ኦሪት ዘሌዋውያንም በምዕራፍ 11 የሚበላውን ከማይበላው ሲለይ ባሕሩንና ወንዙን አብሮ ይጠራቸዋል፤ መለኪያው ክንፍና ቅርፊት ነው። ብዙ ምእመናን አምባዛን የማይበሉት ቅርፊት ስለሌለው ነው። መጽሐፈ ኩፋሌ ጠለቅ ይላል፦ ማክሰኞ ውኆች በተሰበሰቡ ጊዜ ባሕሮችን፣ ወንዞችን፣ በተራራ የሚጠራቀሙትን ውኆችና ሐይቆችን ለየብቻ ይቆጥራቸዋል። በባሕር ጠረፍ የሚኖር ሕዝብ ይህን ቆጠራ ዘሎት ያልፍ ይሆናል፤ ለደገኛ አንባቢ ግን የገዛ አገሩ ውኃ ከባሕሩ እኩል በዝርዝሩ ገብቷል።

ጣዕሙን በስሙ የሚጠራው ቁርኣን ነው። ሱረቱ ፋጢር ሁለቱ ውኆች እንደማይተካከሉ፣ አንዱ ጣፋጭና ጥም ቆራጭ፣ ሌላው ጨዋማና መራራ እንደሆነ ይናገራል፤ ከሁለቱም ግን ትኩስ ሥጋ እንደሚበላ ያስታውሳል። ሱረቱ አል-ፉርቃን ደግሞ በመካከላቸው ግርዶ እንደተደረገ ያስተምራል። ግርዶው ምን እንደሆነ የተፍሲር ሊቃውንት ሲያብራሩ፣ ከእነርሱ አንዳንዶቹ የብስ መሬት ነው ብለውታል።

እውነተኛው ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ፈጣሪ ለእያንዳንዱ ፍጥረት መኖሪያውን ከሰጠ፣ መኖሪያው የተዘጋ ቤት ነው? የተለመደው የልጆች ትምህርት «አዎ» የሚል ነው፤ ይህ ዓሣ የዚህ፣ ያ ዓሣ የዚያ። የጥንቶቹ መምህራን ግን እንዲህ አልቸኮሉም። በአራተኛው መቶ ዓመት የቂሣርያው ባስልዮስ፣ ቅዳሴው በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የሚታወቀው አባት፣ በስድስቱ ቀናት ፍጥረት ላይ ተከታታይ ስብከት ሰብኮ ነበር። ዓሦች ያለ ቀያሽ ድንበራቸውን እንደሚያውቁ፣ እያንዳንዱም ወገን በተሰጠው ስፍራ ረክቶ እንደሚኖር ካደነቀ በኋላ፣ በዚያው ስብከት የሚሰደዱትንም ያነሣል፤ ወንዞች የሚገቡበት የጥቁር ባሕር ውኃ ስለሚጣፍጥ ዓሦች ለመራባት ወደዚያ እንደሚጎርፉ ይተርካል። ድንበሩንና ድንበር ተሻጋሪውን የፈጣሪ ሥራ ብሎ በአንድ አፍ ሲያመሰግን ተቃርኖ አልታየውም። ሳልሞን ከወንዝ ተወልዶ ባሕር ይወርዳል፤ ሊወልድ ይመለሳል። የአውሮፓ ኢል በተቃራኒው ከባሕር ተወልዶ በወንዝ ያድጋል። ፈጣሪ ቤት ሰጠ ማለት በር ቆለፈ ማለት አይደለም፤ በዚህ ረገድ ከግድግዳው ሥዕል የባስልዮስ ስብከት ለተፈጥሮ ይቀርባል።

ድንበሩ ያለው በውኃው ውስጥ ብቻ ሳይሆን በእንስሳው ሥጋ ውስጥም ነው። ይህንን ለማየት ባሕር አያስፈልግም፤ ቋንጣ ይበቃል። ሥጋ በጨው ሲታሽ ውኃው ወጥቶ ይደርቃል። ልጆች ራሳቸው እንዲያዩት ከተፈለገ አንድ ድንች ተቆርጦ ግማሹ በንጹሕ ውኃ፣ ግማሹ በጣም ጨው በበዛበት ውኃ ይነከራል፤ ከሰዓታት በኋላ የመጀመሪያው እንደጠነከረ ሲቆይ ሁለተኛው ይልፈሰፈሳል። አብዛኛው የባሕር ዓሣ የሚኖረው በዚህ በሁለተኛው ብርጭቆ ውስጥ ነው። የደሙ ጨው ከባሕሩ ያነሰ በመሆኑ ውኃ ዘወትር ከሰውነቱ ይሸሻል፤ ስለዚህ የባሕሩን ውኃ ይጠጣል፣ ትርፉን ጨው በስንጥቡ በኩል ያስወጣል፣ ሽንቱንም ይቆጥባል። የቆሮሶ ችግር ተቃራኒው ነው፤ ውኃ ሳይጠራ ይገባበታል። እርሱ ውኃ አይጠጣም ማለት ይቻላል፤ ቀጭን ሽንት በብዛት ይሸናል፣ ጨውንም በስንጥቡ ከውኃው ይለቅማል። የባሕሩ ዓሣ ይጠጣል፣ የወንዙ አይጠጣም፦ ልጅ ይህን ሲሰማ ይስቃል፣ ስለሳቀበትም አይረሳውም። ዘሌዋውያን አካሉን፣ ሱረቱ ፋጢር ውኃውን ካዩ፣ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ይኸው የስንጥብ ሥራ ነው።

ላልታየው ባሕር ምስክር ሆኖ የሚቆመው ትረካ ነው። ዮናስን የዋጠው ዓሣ በጾመ ነነዌ ይታወሳል፤ የሙስሊሙም ልጅ ነቢዩ ዩኑስን ያውቃል። ባሕር በሁለቱም ቤት ገብቷል። ጳጉሜን 3፣ በቅዱስ ሩፋኤል በዓል፣ ደግሞ ሁለቱም ውኆች ይገናኛሉ። መጽሐፈ ጦቢት ሩፋኤል የመራው ወጣት በጤግሮስ ወንዝ ዓሣ እንደገጠመው ይተርካል፤ የወንዝ ዓሣ ነውና በሚጠጣ ውኃ የሚኖር ነው። የዕለቱ ስንክሳር በእስክንድርያ አጠገብ በታላቅ ዓሣ ጀርባ ላይ ስለተሠራች የሩፋኤል ቤተ ክርስቲያን ይናገራል፤ ይህኛው የባሕር ነው። የሁለቱን ዓሦች ውኃ ጎን ለጎን አቅርቦ የሚጠይቅ መምህር ብዙም አይገኝም፤ ሳይደክሙ የሚገኝ ትምህርት ነበር። እግረ መንገድ ግን አንድ ወጥመድ አለ፦ «ዓሣ ነባሪ» በስሙ ዓሣ ይባል እንጂ ዓሣ አይደለም፤ አየር ይተነፍሳል፣ ግልገሉንም ያጠባል። ዛሬ በሕይወት ካሉት እንስሳት የቅርብ ዘመዱ ጉማሬ ነው። የጣናው ጉማሬና የውቅያኖሱ ዓሣ ነባሪ በሁለት ውኃ የተቀመጡ ዘመዳሞች ናቸው።

በጳጉሜን 3 የኮልፌ ልጆች የሩፋኤልን ዝናብ እንደ ጠበል ሊጠመቁበት ወደ ደጅ ይወጣሉ። ያ ዝናብ ከልጁ ራስ ወርዶ የት እንደሚሄድ መከተል ከማንኛውም ሥዕል የበለጠ ያስተምራል። በገፈርሳ በኩል የሚወርደውን ውኃ ይዞ ከተማውን የሚያቋርጠው ትንሹ አቃቂ ነው። እዚህ ላይ አስተማሪዋ «ወንዝ የዓሣ ቤት ነው» ብላ ከሆነ ልጁ ወንዙን ጠቁሞ «ታዲያ ዓሣው የታለ?» ሊል ይችላል። የፋብሪካና የቤት ፍሳሽ ወንዙን እጅ የማይነከርበት አድርጎታል። ይህን ጥያቄ በማባበል ማለፍ ትምህርቱን ማፍረስ ነው፤ ጨው ከሌለው ውኃ ዓሣን የሚያባርረው የሰው እጅ መሆኑ በግልጽ ሊነገር ይገባል። ሐሙስ የተሰጠውን መኖሪያ ሰው መንጠቅ ይችላል ወይ ለሚለው ጥያቄ ወንዙ ራሱ መልስ ሰጥቷል።

ትንሹ አቃቂ በአባ ሳሙኤል በኩል አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ቆቃን፣ መተሐራን፣ የአፋርን ሜዳ ያልፋል፤ ነገር ግን ባሕር አይገባም። በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ይቆማል። ወንዙ በየመንገዱ ከአፈርና ከዐለት የለቀመው ጨው በውኃ ውስጥ ሟሙቶ ይደርሳል፤ ፀሐይ ውኃውን ታተነዋለች፣ ጨውን ግን አታነሣም። ባሕር ሳይነካው የሚጠጣው ውኃ ጨዋማ ሆነ፤ ፍላሚንጎዎችም ሠፈሩበት። የውቅያኖስም ጨው በአብዛኛው የመጣው በዚሁ መንገድ፣ ወንዞች ከየብስ እየጠረጉ ባመጡት ነው።

በአፋር ቆላ ባሕር ራሱ ነበረ። ከ100 ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የኮራል ቅሪቶች በዳናክል ዳርቻ ቆመው ቀይ ባሕር ገብቶ እንደወጣ ይመሰክራሉ። ከዚያው ክልል፣ ከባሕር ወለል በታች ካለው ከአፍዴራ ሐይቅ፣ በኢትዮጵያ ገበታ ላይ የሚቀርበው ጨው ትልቁ ድርሻ ይመረታል፤ የኮልፌ ውኃ ወደ አፋር ይወርዳል፣ የአፋር ጨው ወደ ኮልፌ ይወጣል። አፍዴራ ከባሕር ይልቅ ጨዋማ ነው። ዳናኪሊያ ከሚባሉት ዓሦች አንዱ፣ በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ የማይገኝ ትንሽ ዓሣ፣ ይኖርበታል፤ ወገኑም ልጁ በሳህኑ ላይ ተጠብሶ ከሚያገኘው ከቆሮሶ ቤተሰብ ነው።