ቀኑን ማን ገፋው?

የእህቴ ልጅ መሐንዲስ ነው። አንድ ሰኞ ጠዋት በሚያሠራው ሕንፃ ግቢ፣ ከቆርቆሮ በተሠራች ቢሮው ውስጥ ሻይ እየጠጣን ሳለ ኮምፒዩተሩን ወደ እኔ አዙሮ የሥራውን ዕቅድ አሳየኝ። በግራ በኩል የሥራዎቹ ዝርዝር ተደርድሯል፤ ብሎኬት፣ ልስን፣ ቀለም፣ መብራት ገጠማ፣ ርክክብ። በቀኝ በኩል እንደ ደረጃ እየወረዱ የሚሄዱ ዘንጎች አሉ። እያንዳንዱ ዘንግ በቀጭን ቀስት ከተከታዩ ጋር ታስሯል።

«ጋሼ፣ ጉዱን ይመልከቱ» አለኝ። አሸዋ በጊዜ ባለመቅረቡ ልስኑ ዘግይቶበት ኖሯል። ባለፈው ሳምንት ያደረገውን ሊያሳየኝ የልስኑን ጊዜ ወደ 10 ቀን መለሰና እንደገና 22 ብሎ ጻፈ። ቁልፏን ሲጫናት ከልስን በታች ያሉት ዘንጎች በሙሉ ባንዴ ወደ ቀኝ ተንሸራተቱ። ቀለሙም፣ መብራቱም፣ ርክክቡም። አንድ ቁጥር ተነካ፤ የስንቱ ሰው ቀጠሮ ተለወጠ። እውነቱን ልናገርና አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ሻዬን ሳልጨርስ በሩ ተንኳኳ። ብሩሽና ሮለር በማዳበሪያ ከረጢት የያዘ ሰው፣ ከኋላው አንድ ልጅ እግር ረዳቱን አስከትሎ ቆሟል። ቀለም ቀቢው ነው። «ኢንጂነር፣ ዛሬ ግባ ብለውኝ አልነበር? ግድግዳው እኮ ገና አልተለሰነም» አለ።

የእህቴ ልጅ ክፉ ሰው አይደለም። ግን ምን ቢል ጥሩ ነው? «ወንድሜ፣ ተገፍቷል። ሲስተሙ ገፍቶታል።»

ሰውየው ኮምፒዩተሩን አየት አደረገ። «ሌላ ሥራ ትቼ ነበር የመጣሁት» አለ ዝግ ባለ ድምፅ። ከዚያ ከረጢቱን አንሥቶ ወጣ። ረዳቱ ዞር ብሎ አየን።

በሲስተሙ ላይ ለመፍረድ አልቸኩልም። ሄንሪ ጋንት የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ሥራን በዘንግ እየሣሉ መከታተልን ያስለመደው እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በአንድ ወገን የዱፖንት ኩባንያ፣ በሌላ ወገን የፖላሪስ ሚሳይልን ያሠራ የነበረው የአሜሪካ ባሕር ኃይል፣ የትኛው ሥራ ቢዘገይ መጨረሻውን ይዞ እንደሚዘገይ የሚያሰሉበትን ዘዴ አወጡ። የዛሬው ፕሮግራም የእነዚህ ልጅ ነው። ስሌቱም እውነት ነው። ባልደረቀ ልስን ላይ ቀለም ልቀባ ያለ ሰው ግድግዳው ራሱ ያጋልጠዋል። እንዲያውም ማሽኑ ከእኛ ይሻላል። እኛ «አንድ ሁለት ቀን ብትዘገይ ምን አለበት?» እያልን የምንሸፋፍነውን፣ እሱ እስከ መጨረሻው ዘርግቶ ያሳየናል።

ታዲያ ምኑ ነው የከነከነኝ? ሰዋስው ነው። ለዓመታት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ጆሮዬ ግሥ ላይ ይቀራል። «ቀኑ ተራዘመ»፣ «ስብሰባው ተላለፈ»፣ «ርክክቡ ተገፋ» እንላለን። በቋንቋችን አንዲት «ተ» ከግሡ ፊት ስትገባ ባለቤቱ ሹልክ ብሎ ይወጣል። ማን አራዘመው? ማን አስተላለፈው? ዓረፍተ ነገሩ አይነግረንም፤ እኛም አንጠይቅም። ድሮ ባለቤት አልባ የነበረው ግሥ አሁን ባለቤት ተገኘለትና «ሲስተሙ» ሆነ። ሲስተም ግን አያፍርም፣ ይቅርታ አይጠይቅም፣ ስልክም አያነሣም።

በእህቴ ልጅ ላይ ጣቴን ከመቀሰሬ በፊት የራሴን ላውጣ። በማስተማር ዘመኔ አንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን እንዳነብላት ሰጠችኝ። በሁለት ሳምንት እመልሳለሁ አልኩ። አምስት ሳምንት ፈጀሁ። አልታመምኩም፣ ሐዘን አልደረሰብኝም፤ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ ነበር። ስትመጣ «ትንሽ ተራዘመ» አልኳት። እርማቷን ጨርሳ ስታስገባ የዚያ ዓመት የተመራቂዎች ዝርዝር ተዘግቷል። አንድ ዓመት ጠበቀች። በዚያ ዓመት ውስጥ ያለፋትን ሥራ፣ ቤተሰቦቿ ደግሰው ቢሆን የሰረዙትን ድግስ አላውቅም። የእኔ ዘንግ በሦስት ሳምንት ረዘመ፤ የእሷ ባንድ ዓመት ተንሸራተተ።

አንዳንድ አንባቢ «ዕቅድ እኮ ትንበያ ነው፤ የተነበየ ሰው ቢሳሳት ዋሽቷል አይባልም» ይለኝ ይሆናል። ልክ ነው። «ነገ ይዘንባል» ያለ ሰው ባይዘንብ ዕዳ የለበትም። ግን ያ ቀን ከመሐንዲሱ ኮምፒዩተር ወጥቶ ቀለም ቀቢው ጆሮ ውስጥ ሲገባ መልኩ ይለወጣል። ሰውየው ያንን ቀን አምኖ የሌላ ሰው ሥራ ትቷል። ለተናጋሪው ትንበያ የነበረው ለሰሚው ቃል ሆኗል። ቃል ደግሞ የእምነት ዕዳ ነው። ዕዳ መክፈል አለመቻል ያጋጥማል፤ አሸዋ ይዘገያል፣ ዝናብ ይጥላል። በባለ ዕዳው ፊት ሳይቀርቡ የመክፈያውን ቀን ለብቻ መቀየር ግን ሌላ ነገር ነው።

ፕሮግራሙ ራሱ ይህን የሚያውቅ ይመስላል። የመጀመሪያውን ዕቅድ ካስቀመጡለት ከአዲሱ ጎን አቆይቶ ያሳያል አሉ፤ ካላስቀመጡለት ግን አዲሱ ቀን አሮጌውን ይተካዋል፤ የተገባው ቃልም ከገጹ ይጠፋል። የእህቴን ልጅ «አስቀምጠኸዋል?» ብዬ ጠየቅኩት። አላስቀመጠም።

«ታዲያ ምን ልበለው ኖሯል ጋሼ?» አለኝ።

«ባለፈው ሳምንት ቁጥሯን የቀየርክ ዕለት ደውለህ ‹እኔ ነኝ የገፋሁት፤ ሌላ ሥራ ካገኘህ ያዝ› ማለት ነበረብህ» አልኩት። ጥቂት አሰበና ስልኩን ይዞ ወደ ውጭ ወጣ።

እኔ ግን ቀዝቃዛ ሻዬ ጋር ቀረሁ። ምክር ቀላል ነው። ያቺን ተማሪ ከተመረቀች በኋላ ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ አግኝቻታለሁ። ሁለቱንም ጊዜ በአክብሮት ሰላም አለችኝ፤ ስለ ልጆቿ አወራን። «እኔ ነኝ ያዘገየሁሽ» የሚለውን ግን እስከ ዛሬ አልተናገርኩም። እሱም ተራዝሟል ልበል?