ሐሰተኛው ሳንቲም በማን እጅ ይቅር?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በፈረስ መጋላ አካባቢ ለጎብኝዎች “ጥንታዊ ሳንቲም” እየተባለ ሲሸጥ ያላየ ከመካከላችን አይገኝም። አንድ ወንድማችን ለመጻሕፍት መግዣ ባስቀመጠው ገንዘብ፣ የንጉሥ ኢዛና ነው የተባለ መስቀል ያለበት የመዳብ ሳንቲም ገዝቶ አሳየን። ጥቂት ቆይቶ ሌላው ጓደኛችን ያንኑ የሚመስል አመጣ። ሁለቱን ጎን ለጎን ስናስተያያቸው በአንደኛው ላይ ያለው ጭረት በሌላውም ላይ በዚያው ቦታ ይገኛል። ዘመን ሁለት ሳንቲሞችን አንድ ዓይነት አድርጎ አይጭርም፤ ሁለቱም በአንድ ቅርጽ ቀልጠው የፈሰሱ ናቸው። ወንድማችንም “ትርፍ አልፈልግም፤ በገዛሁበት ዋጋ ለሌላ ብሸጠው ኃጢአቱ የት ላይ ነው?” ሲል ጠየቀን።

ጥያቄው የቆየ ነው። ሮማዊው ቺቼሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ስለ ሰው ግዴታዎች በጻፈው መጽሐፍ ሁለት ፈላስፎችን ያከራክራል። ጠቢብ ሰው ሳያውቅ የተቀበለውን ሐሰተኛ ገንዘብ፣ ካወቀ በኋላ ዕዳውን ሊከፍልበት ይገባልን? የባቢሎኑ ዲዮጋንስ ይገባዋል ይላል፤ አንቲጳጥሮስ አይገባውም ይላል። ቺቼሮም ከአንቲጳጥሮስ ጋር ይስማማል።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን “ሐሰተኛ” የምንለው ምኑን ነው? አያቶቻችን የተገበያዩበትን ጠገራ ብር እንመልከት። ማርያ ቴሬዛ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ሲሆን፣ ብሯ ከዚያ ወዲህ በቪየና፣ በሮምና በለንደን ጭምር ሲመታ 1780 የሚለው ቁጥር አልተለወጠም። እንግዲህ አብዛኛው ጠገራ ብር የያዘው ዘመን እውነተኛ ዘመኑ አይደለም ማለት ነው። ይሁን እንጂ ነጋዴው የሚቀበለው ስለ ብሩ ጥራትና ክብደት እንጂ ስለ ዕድሜው ስላልነበር የተታለለ ሰው የለም። ያንኑ ብር ዛሬ ለማያውቅ እንግዳ “ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የቆየ ነው” ብለን ብንሸጥለት ግን አታለልነው። ብሩ ያው ነው፤ የተለወጠው እኛ ስንሰጠው የተናገርነው ቃል ነው። “እኔ ምንም አላልኩም፤ ራሱ ገመተ” የሚለውም አያድንም፤ ዝም ያልነው እንዲገምት ፈልገን ነውና።

ወንድማችን መበደሉን አንክድም። የመጽሐፉ ገንዘብ ሄዷል፤ ይህም ለተማሪ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን እንግዳው ሰው ምን አደረገው? የመጀመሪያው ሻጭ ውሸት ሩቅ ሊጓዝ የሚችለው ሁለተኛ ሻጭ ሲያገኝ ብቻ ነው። ደግሞም ኢዛና በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጨረቃውን አስነሥቶ በገንዘቡ ላይ መስቀልን ያስቀረጸው እምነቱን ለመመስከር ነበር፤ ያንን ምስክርነት ማጥመጃ ማድረግ ለእኛ ለክርስቲያኖች በእጥፍ ያሳፍራል። “ቅጂ ነው” ብሎ በርካሽ ቢሸጠውስ? ያለ የለም ማለት አይቻልም፤ ተብሏል። የሚገዛው ሰው በተራው እውነተኛ ነው ብሎ እንዳይሸጠው ጀርባው ላይ “ቅጂ” የሚል ይቀረጽበት ያሉም ነበሩ፤ እኛም ይህን ደግፈናል።

ስለ ሻጭ ይህን ያህል ካልን ስለ ገዢም እንናገር፤ ስለ እርሱ ብዙ ጊዜ አይነሣምና። የሐረር አሚሮች በዚህችው ከተማ መሐለቅ የሚባል ትንሽ ገንዘብ ያስመቱ ነበር። ዐፄ ምኒልክም ሐረርን በ1879 ዓ.ም. ከያዙ በኋላ 1885 ዓ.ም. የሚል መሐለቅ አስመትተዋል። እንዲህ ያለውን አንዲት እናት ከሣጥን አውጥታ ብታሳየን፣ ዋጋውን እያወቅን “ቁራጭ ብረት ነው፤ ምን ያደርጋል?” ብለን በጥቂት ብር ብንወስደውስ? መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 20 ላይ ሲገዛ የሚያጣጥል፣ ሄዶ ግን የሚመካውን ሰው ያውቀዋል። ሻጩ ከንቱውን ክቡር አለ፤ ይህ ደግሞ ክቡሩን ከንቱ አለ። እናቲቱን በቀድሞው የራስ ተፈሪ ቤት ወዳለው የሸሪፍ ሙዚየም ወስዶ ማሳየት በእግር የሚደረስ መንገድ ነው። ከሻጩና ከዚህ ገዢ የትኛው እንደሚከፋ ግን እስካሁን አልተስማማንም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።