የአባት ሽጉጥ፤ ለመሸጥ ወይስ ለማኖር?

ሰው ከሚወዳቸው ዕቃዎች ብዙዎቹ ቢቀመጡም ቢሸጡም ማንንም አይጎዱም። የአያት ጋቢ፥ የእናት የአንገት መስቀል፥ በመዠመሪያ ደመወዝ የተገዛ የእጅ ሰዓት፥ በሣጥን ቢኖር ትዝታ ነው፤ ገበያ ቢወጣም ሌላውን ሰው ያገለግላል። ሽጉጥ ግን እንዲህ አይደለም። ትዝታነቱ ለባለቤቱ ብቻ ነው፤ መግደያነቱ ግን ለያዘው ኹሉ ነው። ስለዚህ የመዠመሪያ ሽጉጡን ልሽጥ ወይስ ላኑር ብሎ የሚያስብ ሰው፥ የሚመዝነው ፍቅሩንና ገንዘቡን ብቻ ቢመስለውም፥ በሚዛኑ ላይ የማያውቀው የሌላ ሰው ነፍስ ተቀምጣለች።

ነገሩ በምሳሌ ይታይ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከጣርማ በር ሥር በምትገኘው በደብረ ሲና አንድ ሽማግሌ አለ እንበል። አባቱ በጠላት ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፥ ከሸዋ ዐርበኞች ጋራ በዱር በገደል የኖረ ሰው ነበር፤ ከአንድ የኢጣሊያ መኰንን የማረከውንም ቤሬታ ሽጉጥ ልጁ ለዐቅመ አዳም በደረሰ ጊዜ በገዛ እጁ በወገቡ አስታጠቀው። ለልጁ መዠመሪያው ሽጉጥ ይህ ነው። ዛሬ ይህ ሰው አርጅቷል፤ የቤቱ ቆርቆሮ ያፈሳል፤ የልጅ ልጁ በትምህርት ቤት ናት። ከቈላ የመጣ ገዢ ደኅና ዋጋ አቅርቦለታል። ከወንዶች ልጆቹም አንዱ ቍጡ ነው። እንግዲህ ምን ያድርግ?

ያኑረው የሚለው ክርክር ቀላል አይደለም። በዚህ አገር መሣሪያ እንደ ቤተ ሰብ በስሙ ሲጠራ ኖሯል፤ ውጅግራው፥ ለበኑ፥ ምንሽሩ የማን እንደ ነበረ ልጆች ከዘር ቈጠራ ጋራ ይማሩት ነበር። ጀግና በሞተ ጊዜም መሣሪያው ከልብሱ ጋራ በለቅሶው መካከል እየታየ ይለቀስለት ነበር። እንዲህ ያለውን ዕቃ መሸጥ አባትን ኹለተኛ መቅበር ይመስላል። ከትዝታውም በላይ ሥጋት አለ። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢዋ ሰው ተገድሎ ቤት ተቃጥሏል፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነት ሸዋ ሮቢትን አልፎ እስከ ደብረ ሲና አካባቢ ወጥቷል። ይህን በዓይኑ ያየ ሰው ብረቴን ከእጄ አላወጣም ቢል በሞኝነት አይፈረድበትም።

ነገር ግን ሥጋቱ በደንብ ይመርመር። ሠራዊት በመትረየስና በመድፍ ሲመጣ በሽጉጥ የሚመልሰው የለም። ጠመንጃ እንኳ አውሬ ከአዝመራ ይከላከሉበታል፤ በትከሻም ስለሚያዝ ከሩቅ ይታያል። ሽጉጥ ግን በኵታ ሥር ይደበቃል፤ የሚሠራውም በቅርብ ቆሞ ሰውን ለመምታት ነው። የሚያገለግለው ለጦር ሜዳ ሳይኾን ለጠጅ ቤት ጠብ፥ ለድንበር ክርክር፥ ለወንድማማቾች የርስት ሙግት ነው። ምሳርም ይገድላል የሚል ቢኖር፥ ምሳር እንጨት ይፈልጥበታል፤ ሽጉጥ ግን ሌላ ሥራ የለውም።

ለመታሰቢያ ብቻ ይቀመጥ ለሚለውም የቀዳማዊ ሳሙኤል መጽሐፍ የሚያስተምረው ነገር አለ። ዳዊት የጎልያድን ራስ የቈረጠበት ሰይፍ በኖብ በካህኑ በአቢሜሌክ ዘንድ፥ ከኤፉዱ ኋላ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይኖር ነበር። ከዚያ የተሻለ የተከበረ ማኖሪያ፥ ከካህንም የተሻለ ጠባቂ ሊገኝ አይችልም። ነገር ግን የፍርሀት ቀን በመጣ ጊዜ ያው ዳዊት ከሳኦል ሲሸሽ መጥቶ ጠየቀው፤ ተሰጠውም። መታሰቢያው በአንድ ቀን እንደ ገና መሣሪያ ኾነ። ካህኑ በየዋህነት ለዳዊት እንጀራና ሰይፍ መስጠቱም በሳኦል ዘንድ ክስ ኾኖበት፥ በዶይቅ እጅ እርሱም ካህናቱም ዐለቁ። ዳዊት ሰይፉን መውሰዱ ይፈረድበት ማለት አይደለም፤ ነገር ግን በጨርቅ የተጠቀለለ ብረት ጨርቁ እስኪፈታ ብቻ መታሰቢያ እንደ ኾነ ከዚህ ይታወቃል።

ከአገራችን ታሪክም የዐፄ ቴዎድሮስ ሽጉጥ አለ። የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ፥ ለአገልጋይዋ ለቆንስል ፕላውደን ስላደረጉት ቸርነት የምስጋና ምልክት ይኾን ዘንድ የላከችላቸው ነው፤ ይህም ቃል ተቀርጾበት ነበር። የፍቅር ስጦታ ነበረ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፥ በትንሣኤ በዓል ማግሥት፥ የዚያችው ንግሥት ጦር የመቅደላን በር ሰብሮ ሲገባ፥ ንጉሠ ነገሥቱ እጄን አልሰጥም ብለው ነፍሳቸውን ያጠፉት በዚሁ ሽጉጥ ነው። በብረቱ ላይ የተቀረጸው የምስጋና ቃል ብረቱን ከሥራው አላገደውም። ፍቅር በሰጪውና በተቀባዩ ልብ ነው እንጂ በአፈ ሙዙ ውስጥ አይደለም።

እንግዲያውስ ይሸጥ የሚል ይነሣ ይኾናል። በዚህም ላይ የበለጠ መጠንቀቅ ይገባል። የሽጉጥ ዋጋ ከሌላው ዕቃ ዋጋ የሚለይበት ነገር አለው፤ ሰላም በኾነ ጊዜ ይወርዳል፥ ሥጋት በበዛ ጊዜ ይወጣል። እንግዲህ ዋጋው ደኅና ኾነ ማለት የገዢው ፍርሀት ወይም ቍጣው በዛ ማለት ነው። ሻጩ ከብረቱ ጋራ የሰውን ፍርሀት ይሸጣል። ገዢውም ማንን እንደ ፈራ፥ በማንስ እንደ ተቈጣ አይናገርም።

ከገዛው በኋላ ኀጢአቱ የገዢው ነው ማለትም አያድንም። የኦሪት ሕግ ስለ ተዋጊ በሬ ሲደነግግ፥ ባለቤቱ የበሬውን ጠባይ ሳያውቅ ቢቀር አንድ ፍርድ፥ ተነግሮት ሳይጠብቀው ቢቀር ሌላ ፍርድ አድርጓል። የሽጉጥን ጠባይ አላወቅሁም የሚል ሻጭ ከወዴት ይገኛል? የግሪክ ፈላስፋ አፍላጦንም ስለ መንግሥት ሥርዓት በጻፈው መጽሐፍ ሶቅራጥስን እንዲህ ሲጠይቅ ያሳየዋል፤ ባልንጀራው በጤናው ሳለ መሣሪያውን አደራ ቢሰጥህ፥ በኋላም አብዶ መልስልኝ ቢልህ፥ ትመልስለታለህን? መመለስ ጽድቅ እንዳይደለ ኹሉም ይስማማሉ። የገዛ ንብረቱ የኾነውን መሣሪያ ለአእምሮው ለታወከ ሰው መመለስ የማይገባ ከኾነ፥ የአእምሮውን ነገር ላልመረመሩት እንግዳ አሳልፎ መስጠት እንዴት ይገባል? ከደብረ ሲና ቍልቍል የሚወርደው መንገድ የይፋትን ማሽላና ማሾ እያሳየ ከሸዋ ሮቢት ያደርሳል፤ በዚያም ከታወቁት የአገሪቱ ማረሚያ ቤቶች አንዱ ይገኛል። በየማረሚያ ቤቱ ካሉት ብዙዎች በአንዲት ደቂቃ ቍጣ ዕድሜያቸውን ያጡ ናቸው። በዚያች ደቂቃ ሽጉጥ በእጃቸው ባይኖር ኖሮ ቍጣው በጡጫ ያልቅ ነበር።

ስለዚህ ጥያቄው መሸጥ ወይስ ማኖር ከመኾን ይልቅ፥ ይህ ብረት ከእኔ በኋላ በማን እጅ ይገባል የሚለው ነው። ሊያኖረው የሚወድ ሰው አስቀድሞ ራሱን ይመርምር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አዋጅ ያለ ፈቃድ መያዝንም መሸጥንም ስለሚከለክል፥ ፈቃድ ይኑረው። ጥይቱ ከሽጉጡ ተለይቶ፥ ኹለቱም ተቈልፈው ይቀመጡ። በቤቱ ሰካራም ወይም ቍጡ፥ ወይም በሐዘን ብዛት ነፍሱን የጠላ ሰው እንዳለ ለነፍስ አባቱ ሳይደብቅ ይናገር። ከሞቱም በኋላ ብረቱ ለማን እንደሚደርስ በኑዛዜ ይጻፍ። የአባት ዕዳ ለልጅ እንደ ተባለ፥ ያልተናዘዙበት ሽጉጥ ከዕዳ ኹሉ የከፋ ዕዳ ነው።

እነዚህን መፈጸም የማይችል፥ እንደዚያ ሽማግሌ ቍጡ ልጅ ያለው ሰው፥ ለመንግሥት ቢያስረክበው ይሻላል። ገንዘቡ ይቀርበታል፤ ቆርቆሮውም እስከ ሌላ ክረምት ያፈሳል። ይህ ጉዳት አይደለም ማለት በድኻ ላይ መቀለድ ነው። ነገር ግን ቤት የሚጠገንበት ሌላ ገንዘብ ሊገኝ ይችላል፤ የፈሰሰ ደም ግን የሚመለስበት መንገድ የለም።

ትዝታውም ከብረቱ ጋራ አይሄድም። አፎቱ በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሊኖር ይችላል፤ ከዚህም የሚበልጠው፥ አባትየው በየትኛው ዓመት፥ በየትኛው ገደል፥ ከማን ጋራ እንደ ተዋጋ ሽማግሌው በሕይወት ሳለ ለልጅ ልጁ ነግሮ ቢያስጽፋት ነው። ብዙ ዐርበኛ ብረቱን ለልጁ ትቶ ታሪኩን ይዞ ወደ መቃብር ወርዷል፤ ብረቱም ያለ ታሪኩ ቀርቶ እንደ ማንኛውም ብረት ተሽጧል።

አባት ለልጁ መሣሪያ ባስታጠቀ ጊዜ የሰጠው አንድ ነገር አይደለም፤ ኹለት ነው። አንዱ ብረቱ ነው፤ ኹለተኛው፥ በዚህ ብረት ላይ አስተዋይ ትኾናለህ ብሎ የጣለበት እምነት ነው። አደራው ይህ ኹለተኛው ነው። ብረቱን ጠብቆ እምነቱን የጣለ አደራ በላ ይባላል፤ እምነቱን ለመጠበቅ ብረቱን ያስረከበ ግን የአባቱን አደራ አድርሷል።