ልብ ሲያረጅ ምኞት ሲጎለምስ



ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘውን ዋጃን የሚያውቅ የራያ ቆላን ፀሐይ ያውቃል። በዚያ ሐሩር ለጁምዓ ከሚሰለፉት መካከል ዕድሜያቸውን ሙሉ ማሽላ ሲያርሙና ሲያጭዱ የኖሩ አባቶች አሉ። ከሱጁድ ሲነሱ አንዳንዱ ዓይናቸው ይጨልማል፤ ግድግዳ ይደገፋሉ። ከኋላ የቆመው ወጣት «ሸምግለዋል» ብሎ ያልፋል እንጂ ምክንያቱን አይጠይቅም። ውድ አንባቢያን! ምክንያቱን ማወቅ ግን ለወጣቱም ለኢማሙም ይበጃል።

ጤነኛ የሰው ልብ በቀን 100 ሺህ ጊዜ ያህል ይመታል። ዕድሜ ሲገፋ የዕረፍት ጊዜ አመታቱ ብዙም አይለወጥም። የሚቀንሰው ጉልበት ሲጠየቅ የሚደርስበት ጣሪያ ነው፤ ሐኪሞች ከ220 ላይ ዕድሜን ቀንሰው በግምት ያሰሉታል። በዚህ ስሌት የ20 ዓመቱ ጎረምሳ ልብ በደቂቃ እስከ 200፣ የ70 ዓመቱ አዛውንት ልብ እስከ 150 ጊዜ ይመታል። የደም ቧንቧዎች እንደ ቀድሞው አይለጠጡም፤ ልብም ይህን ተቋቁሞ ደም ለመርጨት ግድግዳው በመጠኑ ይወፍራል፤ በደም ለመሞላትም ይዘገያል። ሰው ብድግ ሲል የደም ግፊትን የሚያስተካክለው ሥርዓትም እንደ ወጣትነቱ ፈጣን አይደለም። የጥማት ስሜት ስለሚደበዝዝ አዛውንቱ ውሃ እንዳነሳቸው ላይታወቃቸው ይችላል፤ በቆላ ደግሞ ይህ ይብሳል። ይህ ሁሉ የዕድሜ ሥራ ነው። ደረትን የሚጨመድድ ሕመም፣ የእግር እብጠት፣ ተጋድሞ መተንፈስ ማቃት ግን በዕድሜ አይሳበብም፤ ሐኪም ይፈልጋል።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አር-ሩም ሰውን ከድካም ወደ ኃይል፣ ከኃይልም በኋላ ወደ ድካምና ሽበት እንደሚያደርሰው ነግሮናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሙዓዝ ኢብኑ ጀበል (ረ.ዐ.) ሶላት ባስረዘሙ ጊዜ፣ ከኋላቸው ሽማግሌ፣ ደካማና ጉዳይ ያለበት ሰው እንዳለ አስታውሰው ገሥጸዋቸዋል። መቆም ያቃተው ተቀምጦ እንዲሰግድም ፈቅደዋል። እንግዲያው በቀትር ሐሩር ሶላትን ማርዘም የተቅዋ ምልክት አይደለም፤ ተቀምጠው የሚሰግዱትን አባት በንቀት ማየትም ነውር ነው።

ነገሩ ግን በዚህ አያበቃም። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ የሽማግሌ ልብ በሁለት ነገር ወጣት እንደሆነ ይቀራል፦ በዱንያ ፍቅርና በረጅም ምኞት። የሥጋው ልብ ሲደክም ምኞት አይደክምም ማለት ነው። በሱረቱል ሐዲድም ዘመን ስለረዘመባቸው ልባቸው የደረቀ ሕዝቦች ተወስተዋል። የደም ቧንቧን መድረቅ በእግር ጉዞና በመጠን በመብላት እናዘገየዋለን፤ የቀልብን ድርቀት የሚያለዝበው ደግሞ ቁርኣን፣ ዚክርና ተውባ ነው። ሁለቱም በጉልበት ዘመን ቢጀመሩ ይቀላሉ።

ወንድሜ ሆይ! «ስሸመግል እቶብታለሁ» አትበል። ሽምግልና ስትደርስ ጉልበትህ ሄዶ፣ ምኞትህ ጎልማሳ ሆኖ ይጠብቅሃልና።

አላህ ቀልባችንን ከድርቀት ይጠብቅልን፤ ለአባቶቻችንም የምናዝን ያድርገን። አሚን።