የተበላ ጥርስ፣ የተበላ አደራ

ምስማርም ሆነ ብየዳ የሚፈጥረው ትስስር እስኪሰበር ድረስ እንዲቆይ የታሰበ ሲሆን፣ ብሎን ግን ከመነሻው ሊፈታ የሚታሰር ነው፤ ስለዚህ ብሎን የሚያጠብቅ ባለሙያ ዕቃን ከዕቃ በሚያስርበት ቅጽበት ወደፊት ለሚፈታው፣ ምናልባትም ፈጽሞ ለማያየው ሰው ቃል ይገባል። እንዲህ ያለውን ቃል አማርኛ አደራ ይለዋል፣ በእስልምና አማና የሚባለውም ከዚሁ ጋር ይቀራረባል፤ ያልጠበቀው ሰው ደግሞ አደራ በላ ይባላል። የጋራዥ ሠራተኞች ጠመዝማዛ መስመሩ የተላጠ ብሎን ሲገጥማቸው “ጥርሱ ተበልቷል” ማለታቸው አጋጣሚ ቢሆንም፣ ለጉዳዩ ከዚህ የተሻለ ቃል አይገኝም።

ይህን አደራ መጠበቅ በጅቡቲ ከተማ ይከብዳል። በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዳር ከባሕሩ የሚነሣው ጨው በብረት ላይ ሲያርፍ ከአየሩ እርጥበት ስቦ ስለሚይዝ ዝገቱ ይፋጠናል፣ ዝገትም ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚፈልግ በብሎኑና በዳዶው ጥርሶች መካከል እንደ ሽብልቅ ገብቶ ያጣብቃቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1897 ከዚህች ከተማ መዘርጋት ጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የገባውን ሐዲድ ጫፍ ለጫፍ የሚያያይዙት የብረት ሳህኖች በብሎን የሚጠብቁ ነበሩና፣ በባሕሩ ዳር ያሰረውና ከዓመታት በኋላ ሊፈታ የመጣው ሳይተዋወቁ በአንድ ብረት ላይ ይገናኙ ነበር።

የተጣበቀውን ብሎን ለመፍታት ነጭ ጋዝ ጠብ ተደርጎበት ለሰዓታት፣ ሲብስም ሌሊቱን ይተዋል፤ ከዚያ እስከ እጀታው ድረስ ብረት የሆነ፣ ልኩ የገጠመ ካቻቪቴ በብሎኑ ራስ ላይ ቀጥ ብሎ ተተክሎ ሁለት ሦስት ጊዜ በመዶሻ ይመታል፣ ምቱ የዝገቱን ቅርፊት ይሰነጥቀዋልና። ቀጥሎም፣ ጀማሪን ሁሉ የሚያስገርመው ይኸው ነው፣ ብሎኑ ከመላላቱ በፊት በጥቂቱ ይጠብቃል፣ ከዚያም ወደ ኋላና ወደ ፊት እየተባለ ይፈታል። ሳይጫኑት የሚያዞሩት ካቻቪቴ ግን ከመስቀለኛው ጎድጓዳ እየተንሸራተተ ጠርዙን ይፍቀዋል፤ ያኔ የሚቀረው በሰገቶ አዲስ መስመር ማውጣት፣ ያም ካልሆነ ራሱን በትራፓኖ መብሳት ነው።

ጥፋቱ የማን ነው? የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ኃጢአት በሐልዮ፣ በነቢብና በገቢር፣ ማለትም በሐሳብ፣ በንግግርና በሥራ እንደሚፈጸም ታስተምራለች፤ ግራሶ ሳይቀባ ብሎን ያሰረው ሰው ግን ክፉ አላሰበም፣ አልተናገረም፣ አልሠራምም፣ የተወው ነገር ብቻ አለ። የያዕቆብ መልእክት (4፥17) በጎ ማድረግን እያወቁ መተውን ኃጢአት ስለሚለው ክርክሩ የሚያርፈው “ማወቅ” በሚለው ቃል ላይ ነው። በዚህ ሚዛን፣ የመጀመሪያው አሳሪ እያወቀ ትቶት ከሆነ፣ የብሎኑን ራስ ሳያውቅ የፋቀው ችኩል ሰው ከእሱ ይልቅ የቀለለ ተጠያቂነት አለበት፤ ሰው ሁሉ የሚወቅሰው ግን ብሎኑ እጁ ላይ የተበላበትን ነው።

ከሁሉም የሚያስቸግረው የጀልባ ሞተር ነው። በአሉሚኒየም አካል ላይ የማይዝግ ብረት ብሎን ሲታሰር ሁለቱም ለየብቻቸው የባሕር አየር የሚችሉ ናቸው፤ ጨዋማ ውኃ ሲያገናኛቸው ግን እንደ ባትሪ ሆነው አሉሚኒየሙ ይበላል፣ የሚወጣውም ነጭ ዱቄት ጥርሶቹን ይሞላቸዋል። ይህን ያላወቀ አሳሪ፣ ሳያውቅ ለበደለው ጭምር ይቅርታ ከሚለምን ምእመን ጎን ሊቆም ይችል ይሆናል። በጅቡቲ ወደብ ለሚውል ሰው ግን ይህ ምክንያት ሩቅ አያስኬድም፤ ነጩ ዱቄት በብሎኑ ራስ ዙሪያ፣ ጨዉም በገዛ ሸሚዙ ጀርባ ላይ ደርቆ ይታያል።